ጋዜጣና መጽሔት በቤተ መጻሕፍት፦ ለጎጃም አንባቢ የተዘጋጀ መመሪያ

ጋዜጣ ማንበብ የለመድኩት ደብረ ማርቆስ ነው፤ ገና ተማሪ እያለሁ። ቤታችን ጋዜጣ የሚገዛ ሰው አልነበረም። ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ። ብዙ ጊዜ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ቀድመውኝ ይዘውታል። ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ሲጨርሱ ቅጠሉን አስተካክለው ያጥፉና «እንካ ልጄ፣ ገጹን እንዳታዘባርቅ» ይሉኛል።

ዛሬ ወሬው በስልክ ይመጣል። እኔም ቴሌግራም እከታተላለሁ። ግን ስልክ ላይ ያየሁትን ነገር ከሳምንት በኋላ ስፈልገው አጣዋለሁ። ወይ ተሰርዟል፣ ወይ በሌላ ወሬ ተውጧል። ጋዜጣ ቀን አለው፣ ቁጥር አለው፣ ገጽ አለው። የወጣው እንደወጣ ይቀመጣል። የጨረታ፣ የሐራጅና የክፍት ሥራ ቦታ ቀን ብዙ ጊዜ የሚቆጠረውም በጋዜጣ ከወጣበት ዕለት ነው። ይህን ሁሉ ሳንቲም ሳታወጡ ማንበብ ትችላላችሁ። እንዴት እንደሚደረግ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. ቤቱን ፈልጉ

ደብረ ማርቆስም ሁኑ ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላምም ሁኑ ሞጣ፣ መጀመሪያ የምትጠይቁት «የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የት ነው?» ብላችሁ ነው። «ላይብረሪ» ብቻ ካላችሁ ሰው የትምህርት ቤቱን ሊያሳያችሁ ይችላል። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በአብዛኛው በባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም በከተማው አስተዳደር ሥር ነው። ሰው ካላወቀላችሁ እነሱ ጋ ሂዱ።

በከተማችሁ ከሌለ ወይም ጋዜጣ የማይገባበት ከሆነ ሌላ በር አለ። የወረዳና የከተማ ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤቶች ብዙ ጊዜ ጋዜጣ ይደርሳቸዋል። ቁጭ ብሎ ለማንበብ መፍቀድ የእነሱ ፈንታ ቢሆንም በትሕትና የጠየቀ ሰው ሲከለከል እምብዛም አላየሁም። ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳርና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ለውጭ ሰው ክፍት አይደለም ብላችሁ አትቅሩ። ከቀበሌያችሁ ወይም ከመሥሪያ ቤታችሁ የድጋፍ ደብዳቤ ይዛችሁ ጠይቁ። ደብዳቤው ላይ «ለንባብ» ብቻ ከሚል ይልቅ «የቆዩ ጋዜጦችን ለማየት» ቢል ይሻላል። የሚያነበው ሰው ወደየትኛው ክፍል እንደሚልካችሁ ወዲያው ያውቃል።

2. ሰዓቱን ምረጡ

ቤቱ በመንግሥት የሥራ ሰዓት ብቻ ይከፈት ወይም ምሽትና ቅዳሜም ይሥራ እንደሆነ ከበሩ ላይ አንብቡ፤ ካልተለጠፈ ጠይቁ። ዓርብ የምሳ ዕረፍት እንደሚረዝም አስታውሱ።

ከሰዓቱ ይበልጥ የሚያስቸግረው ወንበር ነው። የፈተና ሰሞን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው ቤቱን ይሞሉታል። ደግ ነገር ነው፤ ብዙዎቹ ቤታቸው የሚያጠኑበት ቦታ የላቸውም። ጋዜጣ ለሚያነብ ሰው የሚመቸው ተማሪ ክፍል ውስጥ ያለበት ሰዓት ነው፤ ከጠዋቱ 3፡00 እስከ 5፡00። ያኔ ጠረጴዛው ሰፊ ነው፣ ጋዜጣውንም እንደልብ መዘርጋት ይቻላል።

3. ስትገቡ

የነዋሪነት መታወቂያ ያዙ። አንዳንዱ ቤት በር ላይ ያስይዛል፣ አንዳንዱ አያስይዝም። ቦርሳችሁን በተመደበው ቦታ አስቀምጡ፣ ስልኩን ድምፅ አጥፉ። እስክሪብቶውን ትታችሁ እርሳስና ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይዛችሁ ግቡ።

የአንባቢ መዝገብ ካለ ፈርሙ። ብዙ ሰው ተቻኩሎ ያልፈዋል። ኃላፊው ለጋዜጣ መግዣ በጀት ሲጠይቅ «ስንት ሰው ያነባል?» ይባላል። ያኔ የሚያሳየው ያንን መዝገብ ነው። «የመጡበት ምክንያት» የሚል ቦታ ካለው ደግሞ «ጋዜጣ ለማንበብ» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ።

4. ሠራተኛዋን ሦስት ነገር ጠይቁ

መደርደሪያ ላይ የምታዩት ሁሉም አይደለም። አዲስ የገባ ጋዜጣ አንዳንዴ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ አንዳንዴ መሳቢያ ውስጥ ነው። ስለዚህ እንዲህ በሉ፦ «እንደምን አደርሽ እህቴ፣ የዚህ ሳምንት በኩር ገብቷል?» ቀጥላችሁ የትኞቹ ጋዜጦች በቋሚነት እንደሚመጡ፣ በየትኛው ቀን እንደሚደርሱና የድሮዎቹ የት እንደሚቀመጡ ጠይቁ። መልሱን ጻፉት። በሚቀጥለው ጊዜ በባዶ ቀን አትመላለሱም።

ቀኑን ለማወቅ ጋዜጦቹ መቼ እንደሚወጡ ማወቅ ይረዳል። አዲስ ዘመን ዕለታዊ ነው። ባሕር ዳር የሚዘጋጀው በኩር በየሳምንቱ ሰኞ ይወጣል። አዲስ አድማስ የቅዳሜ ጋዜጣ ነው። ሪፖርተር ረቡዕና እሑድ ይወጣል። እንግሊዝኛ ለሚያነብ ዘ ኢትዮጵያን ሄራልድ አለ። በኩርን የሚያሳትመው የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን በአዊኛም ቺርቤዋ የተባለ ጋዜጣ ሲያሳትም ቆይቷል። እንጅባራና ዳንግላ አካባቢ ያላችሁ ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ፤ የሚጠይቅ ካልተገኘ መደርደሪያው ላይ አይወጣም።

የወጣበት ቀንና የሚደርስበት ቀን አንድ አይደሉም። የአዲስ አበባው ጋዜጣ ዓባይ በረሃን ተሻግሮ ደብረ ማርቆስ ለመድረስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከዚያ ወደ ቢቸና፣ ወደ ሞጣ፣ ወደ ቡሬ ገና ሌላ መንገድ አለው። መንገድ ሲዘጋ የሳምንት ጋዜጣ በአንድ ላይ ተጠቅልሎ ይመጣል። ለምን ዘገየ ብላችሁ ሠራተኛዋን አትቆጧት።

5. አንድን ጉዳይ በሁለት ጋዜጣ አንብቡ

ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። በስልክ ስናነብ አንድ ወሬ ብቻ ፊታችን ይመጣል። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ግን ሁለት ጋዜጣ ጎን ለጎን ዘርግቶ ማየት ይቻላል።

ማዳበሪያን እንውሰድ። ጎጃም ውስጥ ከማዳበሪያ በላይ ሰው የሚጠይቀው ነገር ጥቂት ነው። የመንግሥት ጋዜጣ ይህን ያህል ኩንታል «ተገዛ» ሊል ይችላል። ሌላው «ወደብ ደረሰ» ይላል። የክልሉ ደግሞ ለዞኖች «ተሠራጨ» ይላል። ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የተገዛ ገና መርከብ ላይ ሊሆን ይችላል። ወደብ የደረሰ ጅቡቲ ነው ያለው። የተሠራጨውም ዞን መጋዘን ደርሶ ገና ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጋ ላይደርስ ይችላል። ገበሬው የሚፈልገው የመጨረሻውን ነው። ስለዚህ ቁጥር ስታዩ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን ግሥ አስምሩበት፤ በማስታወሻችሁ ላይ እንጂ በጋዜጣው ላይ አይደለም። ቀጥላችሁ ማን እንደተናገረውና መቼ እንደተናገረው ጻፉ።

ዜናንና አስተያየትንም ለዩ። የአብነት ትምህርት ቤት ደጅ የረገጠ ጎጃሜ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ንባብ ሌላ፣ ትርጓሜ ሌላ ነው። ዜናው ንባቡ ነው። ርእሰ አንቀጽ፣ ነፃ አስተያየትና ዓምድ ትርጓሜዎች ናቸው። ትርጓሜ መጥፎ አይደለም። ግን ንባቡን ሳያዩ ትርጓሜውን መያዝ አይገባም። እኔ ሁልጊዜ ዜናውን አስቀድማለሁ፣ ርእሰ አንቀጹን መጨረሻ አነባለሁ።

ጊዜ ለሌለው ሰው፦ የፊት ገጹን ርእሶች ተመልከቱ፣ የአካባቢ ዜና ያለበትን ገጽ ፈልጉ፣ አንድ ረዥም ጽሑፍ መርጣችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡ። ዐሥሩን ጀምሮ ከመተው አንዱን መጨረስ ይሻላል።

6. ማስታወቂያዎቹን በጥንቃቄ አንብቡ

እውነቱን ለመናገር ብዙ ሰው ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ጋዜጣ የሚያነሳው ለክፍት የሥራ ቦታና ለጨረታ ነው። ተገቢ ነው። ግን እዚህ ላይ የምትፈጸም ስሕተት እንጀራ ታስቀራለች።

ታናሽ ወንድሜ ትምህርቱን እንደጨረሰ አንድ መሥሪያ ቤት ክፍት የሥራ ቦታ አወጣ። ጋዜጣው እኛ ጋ የደረሰው ዘግይቶ ነበር። ማስታወቂያው «በጋዜጣ ከወጣበት ቀን ጀምሮ» ይላል። እኔ ግን ካነበብኩበት ቀን ቆጠርኩለት። ማስረጃውን አዘጋጅቶ፣ ኮፒ አስደርጎ ሲሄድ ምዝገባው ከተዘጋ 2 ቀን አልፎታል። እስካሁን ይቆጨኛል። እናንተ እንዳይገጥማችሁ እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ የጋዜጣውን ቀን ከራስጌው ላይ ተመልከቱ። እናንተ ያነበባችሁበትን ቀን እርሱት። ቀጥሎ «ተከታታይ ቀናት» ነው ወይስ «ተከታታይ የሥራ ቀናት» የሚለውን ለዩ። በምሳሌ ላሳያችሁ። ማስታወቂያው ሰኞ ጥቅምት 3 በወጣ ጋዜጣ ላይ ነው እንበል።

«ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለ10 ተከታታይ ቀናት» ካለ ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራሉ። ጥቅምት 3 ራሱ 1 ተብሎ ሲቆጠር 10ኛው ቀን ረቡዕ ጥቅምት 12 ነው።

«ለ10 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ካለ ግን ቅዳሜና እሑድ ይዘለላሉ። 10ኛው ቀን ዓርብ ጥቅምት 14 ይሆናል። መካከል ላይ በዓል ከዋለ እሱም ይዘለላል።

ጨረታ ላይ ብዙ ጊዜ «ለ15 ተከታታይ ቀናት አየር ላይ ውሎ በ16ኛው ቀን ከጠዋቱ 4፡00 ታሽጎ 4፡30 ይከፈታል» የሚል ታገኛላችሁ። ጥቅምት 3 ከወጣ 15ኛው ቀን ሰኞ ጥቅምት 17 ነው፤ የሚከፈተው ማክሰኞ ጥቅምት 18 ነው። ጋዜጣው ሐሙስ ጥቅምት 6 ደርሷችሁ ከዚያ ብትቆጥሩ ጥቅምት 21 ትላላችሁ። ሰነዱን ይዛችሁ ስትደርሱ ሳጥኑ ከተከፈተ 3 ቀን ሆኖታል። የመክፈቻው ቀን የሥራ ቀን ካልሆነ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን የሚተላለፍ መሆኑንም ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ ይናገራል፤ እስከ መጨረሻው መሥመር አንብቡ።

አንዳንዱ መሥሪያ ቤት መቁጠር የሚጀምረው ከማግስቱ ነው። ስለዚህ ቆጥራችሁ ስትጨርሱ በማስታወቂያው ላይ ባለው ስልክ ደውሉና «የመጨረሻው ቀን መቼ ነው?» በሉ። እስኪነግሯችሁ ድረስ ቀደም የሚለውን ቀን ያዙ።

ቀጥሎ ፎቶ አንሱ፤ ሠራተኛዋን አስፈቅዳችሁ። ሁለት ፎቶ ያስፈልጋል። አንዱ የጋዜጣው ስም፣ ቀንና ቁጥር ያለበት የገጹ ራስጌ ነው። ሌላው ማስታወቂያው ራሱ። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ብቻ ያነሳል፣ ከዚያ ቀኑ ይጠፋበታል። ጨረታ ከሆነ የጨረታ ቁጥሩን፣ የሰነዱን ዋጋና የት እንደሚሸጥ፣ የማስከበሪያውን መጠንና በሲፒኦ (በባንክ የክፍያ ማዘዣ) መሆን አለመሆኑን በደብተራችሁ ጻፉ። ሥራ ከሆነ የሚፈለገውን የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድና የመመዝገቢያውን ቦታ ጻፉ። መመዝገቢያው ሌላ ከተማ ከሆነ የመንገዱን ቀን ቀንሱ።

ማስታወቂያውን ከጋዜጣው ቆርጣችሁ አትውሰዱ። እባካችሁ። አንድ ጊዜ የተቆረጠ ገጽ ገጥሞኛል። የተቆረጠው የሥራ ማስታወቂያ ነበር። ከእኔ በፊት የገባው ሰው ሥራውን ፈልጎ ነው፤ ይገባኛል። ግን ከእሱ በኋላ የመጣነው ሁላችን ዕድሉን አጣን።

ከሕግ ጋር የሚያያዝ ጉዳይ ካላችሁ የፌዴራል አዋጆች የሚወጡበትን ነጋሪት ጋዜጣና የአማራ ክልል ሕጎች የሚወጡበትን ዝክረ ሕግ ጠይቁ። ከተራው ጋዜጣ ጋር ላይቀመጡ ይችላሉ።

7. መጽሔት

መጽሔት በቀላሉ አያረጅም። የሁለት ዓመት መጽሔት ላይ ያለ ቃለ ምልልስ ዛሬም ይነበባል። ስለዚህ ጋዜጣው ገና ካልደረሰ መጽሔት አንሱ። ከፊት ጀምሮ ማንበብ አያስፈልግም፤ ማውጫውን ከፍታችሁ አንዱን ምረጡ። መነን ወይም የካቲት የሚል የድሮ መጽሔት ካገኛችሁ ደግሞ ያን ቀን ሌላውን ተዉት። ማስታወቂያዎቹን ሳይቀር ተመልከቱ፤ የዚያን ዘመን ሰው ምን ይገዛና ምን ይለብስ እንደነበር ይነግሯችኋል።

8. ወደ ድሮ ጥራዞች ግቡ

አዲስ ዘመን መታተም የጀመረው ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጎጃም በኩል ገብተው ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ከደረሱ ገና ወር አለፍ ቢለው ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ እያንዳንዱ ከተማ ላይ አይገኝም። ቢሆንም የተጠረዙ የጥቂት ዓመታት ጋዜጦች ያሉት ቤት አለ። ጠይቁ።

ስትጠይቁ «የድሮ ጋዜጣ» አትበሉ። ወርና ዓመት ተናገሩ። «የ1966 የካቲትና መጋቢት» ስትሉ የቤቱ ሰው የቱን ጥራዝ እንደሚያወጣ ያውቃል። የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ከሆነ ቀኑን ወደ ፈረንጅ ቀይሩ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ትጨምራላችሁ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8።

ስለ አካባቢያችሁ የምትፈልጉ ከሆነ በዘመኑ ስም ፈልጉ። ምሥራቅ ጎጃምና ምዕራብ ጎጃም የሚለው የዞን ስም በንጉሡ ዘመን ጋዜጣ ላይ አይገኝም። ያኔ ጎጃም ጠቅላይ ግዛት ነበር፤ በደርግ ጊዜ ክፍለ ሀገር ተባለ። ከሥሩ አውራጃዎች ነበሩ፦ ደብረ ማርቆስ፣ ቢቸና፣ ሞጣ፣ ቆላ ደጋ ዳሞት፣ አገው ምድር፣ መተከል፣ ባሕር ዳር። ዛሬ መተከል ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ ነው። የአያታችሁን ቀበሌ የምትፈልጉ ከሆነ መጀመሪያ አውራጃውን እወቁ።

የድሮ አዲስ ዘመን ካገኛችሁ የጳውሎስ ኞኞን «አንድ ጥያቄ አለኝ» ዓምድ ፈልጉ። አንባቢ ይጠይቃል፣ ጳውሎስ ይመልሳል። እኔ በዚያ ዓምድ አንድ ከሰዓት ሙሉ ቁጭ ብዬ አውቃለሁ።

የምትፈልጉት ዓመት ጎጃም ውስጥ ካልተገኘ አዲስ አበባ ወመዘክር አለ። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ማለቴ ነው። በአገሪቱ የሚታተመው ቅጂው እዚያ ገቢ እንዲሆን ሕግ ያዛል። 6 ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም የቆዩ ጋዜጦች አሉት። ከመሄዳችሁ በፊት ቀኖቹን ዘርዝራችሁ ጻፉ። ሳይዘጋጁ ሄዶ ጥራዝ ማገላበጥ ቀኑን ይበላል።

9. አያያዝ

የጋዜጣ ወረቀት ርካሽ ነው። ፀሐይ ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ይሰባበራል። መስኮት ሥር አትዘርጉት። ጣታችሁን በምራቅ አታርጥቡ። የላይኛውን ጥግ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ግለጡ። ጥራዝ ከሆነ ጠረጴዛ ላይ አስተኙት እንጂ ጭናችሁ ላይ አትክፈቱት፤ ስፌቱ ይላቀቃል። ስትጨርሱ ገጾቹን በቅደም ተከተላቸው መልሱ።

10. የጎደለውን ሙሉ

አሮጌ ጋዜጣ በኪሎ ተሸጦ ሱቅ ውስጥ የቆሎና የስኳር መጠቅለያ ሲሆን ሁላችንም አይተናል። ከቤተ መጻሕፍት የወጣም ይኖርበታል። ቦታ ጠበበ፣ የሚፈልገው ሰው የለም ይባላል፣ ከዚያ ይሸጣል።

ስለዚህ ቤተ መጻሕፍቱን ከለመዳችሁ በኋላ ኃላፊውን አንድ ቀን አነጋግሩ። «ጋሼ፣ የበኩር የትኞቹ ወራት ጎድለዋል?» በሏቸው። ዝርዝሩን ጻፉ። ከዚያ ቤት ውስጥ፣ ጎረቤት፣ ጡረታ የወጡ መምህራን ጋ ፈልጉ። ብዙ ሰው ጋዜጣ በካርቶን አስሮ አልጋ ሥር ያስቀምጣል፤ የሚቀበለው ቢያገኝ ይሰጣል። ያገኛችሁትን በዓመትና በወር ለዩ፣ አይጥ የበላውንና የረጠበውን አስወግዱ፣ በክር እሰሩና ከላይ በወረቀት «በኩር፣ ከጥር እስከ ሰኔ» ብላችሁ ዓመቱን ጨምራችሁ ጻፉ። ስታስረክቡ በገቢ መዝገብ እንዲመዘገብ ጠይቁ። የተመዘገበ ነገር ያለ ውሳኔ አይጣልም።